አስቤዛው ሐሙስ ላይ ለምን ያልቃል?

በእኛ ቤት ሐሙስ የታወቀ ቀን ነበር። ሽንኩርቱ የሚያልቀው ሐሙስ ነው። የዘይቱ ጠርሙስ ተዘቅዝቆ የሚንጠፈጠፈው ሐሙስ ነው። «እስኪ ሱቅ ድረስ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ትንሹ ልጅ የቤት ሥራ ትዝ የሚለውም ሐሙስ ነው። እሑድ ሁለት ዘንቢል ሙሉ ተሸክመን ስለምንገባ ጥፋቱን ሁልጊዜ በኑሮ ውድነት ላይ እንጥለው ነበር። ኑሮው መወደዱ ሐሰት አይደለም። ውድነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን አንዱ ሳምንት ማክሰኞ፣ ሌላው ቅዳሜ ያልቅ ነበር። በየሳምንቱ ቀን ጠብቆ የሚያልቅ ነገር ሌላ ምክንያት አለው።

ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ወር ሙሉ በደብተር ጻፍን። የተገዛውን ብቻ ሳይሆን ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደተላከ ጭምር። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 19 ጊዜ ሰው ወደ ሱቅና ወደ ጉሊት ተልኳል፤ ከእነዚህ ውስጥ 11ዱ ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ላይ ያረፉ ነበሩ። አስቤዛ የሚለው ቃል የመጣው ከጣሊያንኛ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ወጪ ማለት ነው። እኛ ቃሉን ለቲማቲሙና ለምስሩ ሰጥተን ወጪነቱን ረሳነው። ደብተሩ አስታወሰን። ወሩ ሲያልቅ ሁለት ቀዳዳ አሳየን፤ ሁለቱም የሚገኙት ገበያ ውስጥ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያው ላይ ነበር።

የመጀመሪያው ቀዳዳ የወሩ ነው። ብዙ ሰው ደመወዝ ሲቀበል ለምግብ የመደበውን ገንዘብ ለአራት ያካፍላል፤ ወር አራት ሳምንት ነው ብሎ። አይደለም። አራት ሳምንት 28 ቀን ነው፤ የእኛ ወር ደግሞ 30። ስለዚህ በየወሩ 29ኛውና 30ኛው ቀን ምንም ሳይመደብላቸው ይመጣሉ። በዓመት 24 ቀን ይሆናሉ። ጳጉሜን ስትጨመር፣ ደመወዝ የማይከፈልባት ሆድ ግን የማይዘጋባት ጳጉሜን፣ 29 ቀን ይሞላል፤ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 30። ለአራት የሚያካፍል ቤት በዓመት አንድ ወር ያህል ያለ በጀት ይበላል ማለት ነው። የሚበላው በዱቤ ነው፤ ወይም ከሚቀጥለው ደመወዝ ላይ ተሸርፎ ነው። በፈረንጆች ወር የሚከፈለውም ሰው አያመልጥም፤ ከየካቲታቸው በስተቀር የእነሱም ወር 30 ወይም 31 ቀን ነው።

መፍትሔው በቀን ማሰብ ነው። ከዚያ በፊት ግን ከወሩ ገንዘብ ላይ የሳምንት ያልሆነውን ማውጣት ያስፈልጋል፤ ጓዳ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ እኩል ዕድሜ የለውምና። በርበሬና ሽሮ የዓመት ናቸው። ጤፍ በኩንታል ከተገዛ የወራት ነው። ዘይት፣ ስኳር፣ ቡና፣ ጨውና ሻይ የወር ናቸው። የሳምንት የሚባለው ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ካሮት፣ ጎመን፣ እንቁላልና ትንሽ ሥጋ ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቦርሳ የሚከፍል ሰው፣ ዘይት የተገዛበት ሳምንት «ምን በላን?» ብሎ ይደናገጣል፤ ያልተገዛበት ሳምንት ደግሞ ተረፈኝ ብሎ ክትፎ ያዛል።

ለስሌት እንዲቀል አንድ ቤት የዓመቱንና የወሩን ካወጣ በኋላ ለሳምንት አስቤዛ በወር 5,500 ብር ቀረው እንበል። ለአራት ቢካፈል በሳምንት 1,375 ብር ይደርሳል፤ 29ኛው ቀን ላይ ባዶ ነው። በቀን 180 ብር ብንል ግን ሳምንቱ 1,260 ብር ይሆናል። አራቱ ሳምንት 5,040 ይወስዳል፤ ሁለቱ ትርፍ ቀኖች 360፤ 100 ብር ይቀራል። ያ 100 ብር 12 ጊዜ ሲጠራቀም 1,200 ነው፤ የጳጉሜን አምስት ቀን በ180 ተባዝቶ 900 ይሆናል፤ የተረፈው 300 ለእንቁጣጣሽ ማዋያ ነው። ልዩነቱ በሳምንት 115 ብር ብቻ ነው። ይህች የየሳምንቷ 115 ብር ናት ተጠራቅማ በየወሩ መጨረሻ ከጎረቤት የምታስበድረን።

የዓመቱን ግዢ በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ እናቶቻችን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። ዛላ በርበሬው ከማረቆና ከሀላባ በብዛት በሚገባበት ወቅት ይገዛል፤ አዲሱ ጤፍ ከአውድማ ሲወጣ፣ በታኅሣሥና በጥር አካባቢ፣ ከክረምቱ ይረክሳል፤ ቅቤ በዐቢይ ጾም ፈላጊው ሲቀንስ ተገዝቶ ይነጠራል። ችግሩ ዕውቀት ሳይሆን በአንድ ጊዜ ያን ያህል ብር ማግኘት ነው። ለዚህ ደግሞ ትንሽ እቁብ ገብቶ ዕጣው በጥር እንዲደርስ መለመን ያዋጣል። ዳኛው ሰምተው ዝም ካሉ ተስፋ አለ።

ሁለተኛው ቀዳዳ የሐሙሱ ነው፤ ምንጩም ድስት ውስጥ ነው። እሑድ ቤተሰቡ ይሰበሰባል፤ ድስቱ ሰፋ ብሎ ይጣዳል፤ ሽንኩርቱ ይቁላላል፤ በርበሬው ይገባል፤ ቅቤ ጣል ይደረግበታል። ወጡ እስከ ማክሰኞ ያደርሳል። ረቡዕ ጾም ነው። ቅቤ የነካው ሁሉ ገለል ይላል፤ ሽንኩርት እንደ አዲስ ይከተፋል፤ ዘይት እንደ አዲስ ይንቆረቆራል። ሐሙስ ፍስክ ነው ተብሎ ሌላ ድስት፣ ዓርብ ጾም ነው ተብሎ ደግሞ ሌላ። በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ከሽንኩርት ልጣጭ ይጀመራል። እሑድ ስንገዛ ግን ሳምንቱ አንድ ዓይነት ቀን ሰባት ጊዜ የተደረደረበት ይመስል ነበር የገዛነው።

ይህን የፈታልን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በዘይት ብቻ የሚሠራ የጋራ ቁሌት ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፋል (ዓይን የሚያለቅሰው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ይህም ትርፍ ነው)። በሰፊ ድስት መጀመሪያ ያለ ዘይት ውኃውን እስኪጨርስ ይቁላላል፤ ከዚያ ዘይቱ ይገባል። አንድ ሦስተኛው ነጭ እንደሆነ ተነሥቶ ለአልጫ ይቀመጣል። በቀረው ላይ በርበሬው ገብቶ ውኃ ጠብ እየተደረገበት ቀስ ብሎ ይበስላል። ሲቀዘቅዝ ለየብቻ በክዳን ዕቃ ተደርጎ ማቀዝቀዣ ይገባል፤ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ቅቤ የሚባል ነገር ድስቱ አጠገብ አይደርስም። በፍስክ ቀን ቅቤ የሚፈልግ ሰው ወጡ ሲሞቅ ይጨምርበታል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ሥራውን ለሁለት ከፍሎ እሑድና ማክሰኞ ማታ ቢሠራው ይሻላል፤ በሙቀት የተቀመጠ ቁሌት ላይ መወራረድ አያስፈልግም። በእኛ ቤት የሳምንቱ ሽንኩርት ከአምስት ኪሎ ወደ ሦስት ኪሎ ተኩል የወረደው በዚህ ነው፤ ዘይቱም ሽንኩርቱን ተከትሎ ወረደ።

ሁለተኛው ነገር የተሻጋሪነት ሕግ ነው። የጾም ምግብ ወደ ፍስክ ቀን ይሻገራል፤ የፍስክ ምግብ ግን ወደ ጾም አይሻገርም። ሲነገር የታወቀ ነው፤ በድስት መጠን ላይ ግን ማንም አይተረጉመውም። ማክሰኞ ማታ ድስቱ ጠበብ ይላል፤ የተረፈ ነገር ረቡዕ አይበላምና። ረቡዕ ድስቱ ሰፋ ይላል፤ የተረፈው ሐሙስን ይይዛል። የረቡዕ ምስር ወጥ ሐሙስ ላይ የተቀቀለ እንቁላል ገብቶበት ሲቀርብ፣ ልጆቹ «ትናንትም ምስር ነበር» ማለታቸው አልቀረም፤ እንቁላሉን ግን ማንም አልተወም።

እዚህ ላይ ምጣዱ ይገባል። ሳምንቱን የሚከፍለው ገበያው ሳይሆን የጋገራ ቀን ነው። እኛ ቤት አምስት ነን፤ ዳቦው፣ ሩዙና ፓስታው የሚይዘው ምግብ ስላለ በቀን ስድስት እንጀራ ይበቃናል፤ በሳምንት 42። ከአንድ ኪሎ ዱቄት አምስት ያህል እንጀራ ይወጣልናል፤ ስለዚህ ለሳምንቱ ስምንት ኪሎ ተኩል ገደማ ይቦካል፣ በሁለት ጋገራ ተከፍሎ። በዚህ ሒሳብ 100 ኪሎው ኩንታል 12 ሳምንት አካባቢ ያደርሳል። የእናንተ ምጣድ ሰፋ፣ ሊጣችሁም ወፈር ካለ ቁጥሩ ይለያል፤ አንድ ጊዜ ዱቄቱን መዝኖ እንጀራውን መቁጠር ብቻ ነው። ብዙ ቤት «ኩንታሉ ቶሎ አለቀ» ይላል እንጂ ስንት ቀን መቆየት እንደነበረበት አያውቅም።

የምንጋግረው ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። እንጀራ ሦስተኛው ቀን ላይ ዳሩ ይደርቃል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ይሻግታል። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋትና ቅዳሜ ጠዋት ቁርሱ ፍርፍር ነው፤ በአጋጣሚ የተረፈ ነገር ሳይሆን መሶቡ ባዶ ሆኖ አዲሱን እንጀራ እንዲቀበል ታስቦ። ከዚያም የተረፈ ካለ ሳይሻግት ይሰጣና ድርቆሽ ይሆናል። በጉጉት ስድስት ተጨማሪ እንጀራ ጋግሮ ዓርብ ላይ መጣል፣ አንድ ኪሎ ከሩብ ያህል ጤፍ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ መድፋት ነው።

እንግዲህ የጾሙ ቀንና የጋገራው ቀን ከታወቁ የምግብ ዝርዝሩ ራሱን በራሱ ይጽፋል ማለት ይቻላል። ያለፈው ወር አንዱ ሳምንታችን እንዲህ ነበር፦ እሑድ ምሳ ግማሽ ኪሎ ሥጋ ከድንችና ከካሮት ጋር በነጩ ቁሌት አልጫ ሆነ። ሰኞ ሽሮ፤ ሽሮ ከጓዳ ስለሚወጣ ከሳምንቱ ብር ምንም አልነካም። ማክሰኞ ጠዋት ፍርፍር፣ ማታ በትኩስ እንጀራ እንቁላል በቲማቲም። ረቡዕ በቀዩ ቁሌት ምስር ወጥ ከጎመን ጋር፣ ድስቱ ሰፋ ብሎ። ሐሙስ ያው ምስር ከነእንቁላሉ። ዓርብ ጥቅል ጎመን በድንችና በካሮት። ቅዳሜ ጠዋት ፍርፍር፣ ማታ ፓስታ። የልጆቹ ምሳ ዕቃ የማታውን ምግብ ይከተላል፤ ለእሱ ለብቻው ማብሰል ከጀመርን ሳምንቱ እንደገና ይቀደዳል። ከመካከሉ ሳምንቱን የሚያከብደው የቀይ ወጥ ቁጥር ነው፤ ቀይ ወጥ የበዛበት ሳምንት ሽንኩርትም፣ ዘይትም፣ በርበሬም፣ ከሰልም ይበዛበታል። ሁለት ቀን ከሆነ ደህና ነው። አራት ከሆነ ሐሙስ ተመልሳ ትመጣለች።

ይህ ሥርዓት ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ማወቅም ይጠቅማል። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ ሰባቱም ቀን ፍስክ ይሆናል፤ ሳይታወቅ የእንቁላሉና የሥጋው ወጪ ያብጣል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ደግሞ እንቁላሉ ይቀራል እንጂ ዘይቱና ምስሩ ስለሚጨምሩ ጾም ሁሉ ርካሽ ነው ማለት አይቻልም። ዘይቱን ጾሙ ሳይገባ መግዛት ነው የሚሻለው። በረመዳን የሚጾም ቤት ሌላ ስሌት አለው፤ የማፍጠሪያው ሾርባና ሳምቡሳ ከዘወትሩ ማዕድ ስለሚለይ ወሩን ለብቻ መመደብ ይሻላል፤ እሱም በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ የዓምናውን ወር ተማምኖ መቀመጥ አይቻልም።

ዝርዝሩ ከተጻፈ በኋላ ወደ ገበያ ከመውጣት በፊት ጓዳ ይታያል። ቅዳሜ ማታ አንድ ሰው ያነብባል፣ አንድ ሰው ጣሳ ይከፍታል። አራት ጊዜ «ቆይ፣ ምስር አለ እኮ» ተብሎ ተሰርዟል፤ አንዴ ደግሞ ከሦስት የተለያየ ፌስታል ውስጥ ኪሎ ከሩብ ሩዝ ተገኝቷል።

ስለ ጉሊት የሚነገረው ነገር ብዙ ጊዜ ፍርደ ገምድል ነው። አንድ ቀን የሰፈራችንን ሽንኩርት ሻጭ «እማማ፣ መደቡ ስንት ነው?» ብዬ ዋጋውን ከሰማሁ በኋላ ገዝቼ ቤት መዘንኩት። አምስት ራስ ነው፤ 600 ግራም ወጣው። በኪሎ ሲሰላ ከእሑድ ገበያው በሲሶ ይበልጣል። በማግሥቱ ይህን ስነግራቸው አልተቆጡም። «ልጄ፣ እኔም እኮ የምገዛው ከአትክልት ተራ በሰው ጀርባ አስጭኜ ነው» አሉና ሁለት ቃሪያ መረቁልኝ። እውነታቸውን ነው። የጉሊት ዋጋ ውስጥ ትራንስፖርቱም፣ የተበላሸውም፣ በር ላይ መድረሱም አለበት። ስለዚህ ሁለት ሳምንት የሚቆመውን ሽንኩርትና ድንች ከእሑድ ገበያ ወይም ከሸማቾች ሱቅ በኪሎ እንገዛለን፤ በሁለት ቀን የሚጠወልገውን ጎመን፣ ቃሪያና የበሰለ ቲማቲም ግን ከእማማ ነው። ጎመን እሑድ ገዝቶ ዓርብ ማብሰል ቁጠባ አይደለም፤ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ይጣላል።

ጉሊቱን ይቅር ብለን ዱቤውን ግን ይቅር አላልነውም። በግማሽ ሊትር የሚቀዳ ዘይት፣ በሩብ ኪሎ የሚቋጠር ስኳር፣ ለአንድ ወጥ የሚበቃ የታሸገ ቅመም፣ ሁሉም በትንሹ ሲገዙ በኪሎ ከሚገዙት ይወደዳሉ፤ በዱቤ ሲሆን ደግሞ ዋጋ የሚጠይቅ አንደበት የለም። ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው ውድ የሚገዛው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ማስተዳደር አቅቶት አይደለም። ከዚህ ለመውጣት የሚቻለው በአንድ ዕቃ ጀምሮ ነው፤ እኛ በዘይት ጀመርን። አንድ ወር ሥጋውን ተውነውና አምስት ሊትሩን በአንድ ጊዜ ገዛን። ከዚያ ወዲህ ባለሱቁ የዘይታችንን ገጽ ዘግቶታል።

እንግዳን የረሳ ዕቅድ የእኛ አገር ዕቅድ አይደለም። ከሰባቱ ቀን አንዱን በወረቀቱ ላይ ባዶ እንተወዋለን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞን፤ ሽሮ ጓዳ ውስጥ ስላለ እንግዳ በሌላ ቀን ከመጣ የዚያ ቀን ምግብ ወደ ሰኞ ይገፋል፣ ሽሮው ይቀድማል። እንግዳውም ሽሮ በቅቤ ቀርቦለት ተከፍቶ የሄደበትን ቀን አላስታውስም።

ባለፈው ክረምት ሽንኩርት እንደልማዱ ተወደደ። ዝርዝሩ ባይኖር ኖሮ ያው ያህል ገዝተን፣ ተሳድበን፣ ሐሙስ ላይ እንጨርስ ነበር። ወረቀቱ ፊታችን ስለነበረ ግን የሚቀየረው ቀን የቱ እንደሆነ ወዲያው ታየ፦ የረቡዑ ምስር ወጥ ወጣ፤ በምትኩ ድፍን ምስር ተቀቅሎ በሰናፍጭ፣ በሎሚና በቃሪያ አዚፋ ሆነ፤ ሽንኩርቱ አንድ ራስ ብቻ፣ ዘይቱ አንድ ማንኪያ። ትንሹ ልጅ ሰናፍጩ አፍንጫውን ሲነካው ዓይኑ እንባ አቀረረና ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው በር ላይ ነቅሎ አመጣው። ረቡዕ ከሚለው ፊት በእርሳስ «ዳቦም ይኑር» ብሎ ጽፎበት ነበር።